ነጭ ልብስ፣ እንዶድ እና የመጨረሻው ውሃ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በአጥር ጥግና በጫካ ጠርዝ የሚበቅል፣ በሌላ ዛፍ እየተደገፈ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው። አበባው ዓይን አይስብም፤ ፍሬውም አይበላም። ሆኖም የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ መሸጥ ከመጀመሩ በፊት ለብዙ ዘመን የእናቶች ነጠላ፣ የአባቶች ጋቢ፣ የካህናት ጥምጥም ሲነጣ የኖረው በዚህ ፍሬ ነው። በጥምቀትና በፋሲካ አደባባዩን የሚሞላው ልብስ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ነጭ ነው፤ ከዓመት ዓመት ነጭ ሆኖ የሚቆየው ግን በአጣቢው ሙያ ነው።

ዛሬ ሳሙና በቤታቸው የሚያዘጋጁ ሰዎች አንድ የጋራ ቅሬታ አላቸው። ልብሱ ሲታጠብ የጸዳ ይመስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ይወይባል። ነጭነቱ ይደበዝዝና ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ ያደላል። ብዙዎች መፍትሔውን ሳሙና በመጨመር ይፈልጉታል። ነገሩ ግን በአብዛኛው ተቃራኒው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከእንዶድ መጀመር ጥሩ መንገድ ነው።

ተክሉና አዘገጃጀቱ

እንዶድ በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ አንዶዴ ይባላል። ሳይንሳዊ ስሙ ፊቶላካ ዶዴካንድራ ነው። ዶዴካንድራ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በአበባው ውስጥ ያሉትን ወንዴ ዘንጎች ቁጥር፣ ማለትም 12ን ያመለክታል። ወንዴውና ሴቴው በተለያዩ ተክሎች ላይ ስለሚገኙ ፍሬ የሚሰጠው ሴቴው ብቻ ነው። ለእጥበት ብሎ በጓሮው እንዶድ የሚተክል ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ፍሬው በዘለላ የሚንጠለጠል ትንሽ እንቡጥ መሰል ነገር ነው። ለጋ ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲበስል ደግሞ ቀላ ያለ ይሆናል። ለእጥበት የሚለቀመው ገና አረንጓዴ እያለ ነው። ይሰጣል፤ ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ይወቀጣል። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይና ሲታሽ ወፍራም አረፋ ያነሳል። ብልህ አጣቢ ውሃውን በነጭ ጨርቅ አጥልላ ትጠቀማለች እንጂ ዱቄቱን ከነገለባው ልብሱ ላይ አታፈስም፤ የፍሬው ብናኝ በድርና በማጉ መካከል ተሰግስጎ ራሱ እድፍ ሊሆን ይችላልና። ሲወቀጥም አፍንጫና አፍ በሻሽ ይሸፈናል፤ ብናኙ ያስነጥሳል፣ ዓይንንም ያቃጥላል።

አረፋው ከየት ይመጣል?

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ይገኛል። ስሙ የተወሰደው ሳሙና የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ባሕርይ አለው። አንደኛው ጎኑ ውሃ ይወዳል፤ ሌላኛው ጎኑ ቅባት ይወዳል። ልብስ በእንዶድ ውሃ ሲዘፈዘፍ ቅባት ወዳዱ ጎን በእድፉ ላይ ይጣበቃል፤ ውሃ ወዳዱ ጎን ደግሞ ወደ ውሃው ይስባል። እጃችን ሲያሸው እድፉ ከክሩ ይላቀቅና ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። እኛም ውሃውን እንደፋለን።

ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ አፈጣጠሩ ግን ይለያል። ሳሙና የሚወለደው ቅባት፣ ለምሳሌ ሞራ ወይም ዘይት፣ ከአልካሊ ጋር ሲዋሐድ ነው። አልካሊ የሚለው ቃል ራሱ ከአረብኛ የመጣ ሲሆን መነሻው የተቃጠለ ተክል አመድ ነው። አመድን በውሃ አጥልሎ ልብስ ማጠብ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የኖረው አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት የተባለ አልካሊ ስላለው ነው። ዛሬ በቤት ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች በአመዱ ምትክ ኮስቲክ ሶዳ ይጠቀማሉ።

ነጭ ልብስ ለምን ይወይባል?

ጥጥ በተፈጥሮው እርጥበትንም ቆሻሻንም በቀላሉ የሚቀበል ክር ነው። ነጭ የጥጥ ልብስ የሚወይብባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ያልወጣ ቅባት ነው። የአንገትና የብብት ወዝ፣ ፀጉር የተቀባ ቅቤ፣ የእጅ ቅባት በክሩ ውስጥ ከቀሩ ከአየር ጋር እየተዋሐዱ ቢጫ ይሆናሉ። ልብሱ ታጥቦ ሲታጠፍ ነጭ የነበረው ከሣጥን ሲወጣ ቢጫ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ተመልሶ የሚጣበቅ ቆሻሻ ነው። ከልብሱ የወጣው እድፍ በውሃው ውስጥ ብዙ ከቆየ፣ ወይም በአንድ ሳፋ ውሃ ብዙ ልብስ ከታጠበ፣ ከአንዱ የወጣው በሌላው ላይ ያርፋል። በዚህ ጊዜ ልብሱ እድፍ ሳይታይበት በጠቅላላው ግራጫ ይመስላል።

ሦስተኛው ያልለቀቀ ሳሙና ነው። በክሩ ውስጥ የደረቀ ሳሙና አቧራ ይስባል፤ ካውያ ሲነካውም ወደ ቡናማ ያደላል።

አራተኛው፣ ለቤት ሳሙና ዋነኛ ጠላት የሆነው፣ ጠንካራ ውሃ ነው። ጠንካራ ውሃ ማለት ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውሃ እንዲህ ነው፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያበጀውም እሱ ነው። የድሬዳዋና የመቀሌ ነዋሪዎች ይህን ቅርፊት በደንብ ያውቁታል። ሳሙና ከእነዚህ ማዕድናት ጋር ሲገናኝ ውሃ የማያሟሟው፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይፈጥራል። ዝቃጩ አረፋ የለውም፣ አያጥብም፤ በልብሱ ላይ ግን ይቀራል። እንግዲህ በጠንካራ ውሃ ሳሙና ሲጨመር ዝቃጩም አብሮ ይጨምራል ማለት ነው።

እንዶድ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ሳፖኒን ከቅባትና ከአልካሊ የተሠራ ሳሙና ስላልሆነ በጠንካራ ውሃ እንደ ሳሙና በቀላሉ አይረታም፤ አረፋው ይቆያል። የእንዶድ ውሃ ብርቱ አልካሊም ስላልሆነ ለሐርና ለሱፍ የዋህ ነው።

የቤት ሳሙናን ለነጭ ልብስ ማስማማት

በመጀመሪያ ውሃችንን እንወቅ። በጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሮ መነቅነቅ በቂ ፈተና ነው። ብዙ አረፋ ከወጣና ከአረፋው በታች ያለው ውሃ ጥርት ካለ ውሃው ለስላሳ ነው። አረፋው ጥቂት ሆኖ ውሃው እንደ ወተት ከደፈረሰ ውሃው ጠንካራ ነው።

ለጠንካራ ውሃ መድኃኒቱ የልብስ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ይህ ነገር ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአቢጃታ ሐይቅ ውሃ በሶዳ የበለጸገ በመሆኑ በዳርቻው ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ ተቋቁሟል። ሶዳው ከተገኘ ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። ከጠፋም ለዳቦ የምንጠቀምበትን ቤኪንግ ሶዳ በሰፊ ትሪ አስጥቶ በ200 ዲግሪ ገደማ በጋለ ምድጃ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ይቻላል፤ በሙቀቱ እርጥበትና ጋዝ ለቆ ወደ ልብስ ሶዳ ይለወጣል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሶዳው ከሳሙናው በፊት ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ካልሲየሙን ይዞ ነጭ ደለል ሆኖ እስኪዘቅጥ ይጠበቃል፤ ከዚያ ከላይ ያለው ጥሩ ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ሳፋ ይገለበጣል። ደለሉ ከልብሱ ጋር ከተዘፈዘፈ ግን ልብሱን ያደርቀዋል፤ ያሻክረዋልም። በአሜሪካም ሆነ በሌላ ሀገር ብዙ ሰዎች ሳሙና ፈቅፍቀው ከሶዳና ከቦራክስ ጋር በመቀላቀል የቤት ዱቄት ያዘጋጃሉ። ያ ዱቄት በመሠረቱ ሳሙና ስለሆነ በማጠቢያ ማሽን ውስጥም ሕጉ ያው ነው፤ ውሃው ጠንካራ ከሆነ ዝቃጩ በልብሱም በማሽኑም ላይ ይከማቻል።

ሳሙናውን ራሱ የሚያበስል ሰው ደግሞ አንድ ልዩነት ልብ ይበል። ለገላ የሚሠራ ሳሙና ቆዳን እንዳያደርቅ ሆን ተብሎ ትርፍ ዘይት ይተውለታል። ይኸው ትርፍ ዘይት በነጭ ልብስ ላይ ሲቀር ያወይባል። ስለዚህ ለልብስ የሚሠራው ሳሙና ትርፍ ዘይት ሊኖረው አይገባም። ሁለቱን ሳሙናዎች በየራሳቸው ማዘጋጀት ነው።

አስተጣጠቡ

ነጭ ልብስ ከቀለማም ተለይቶ ይታጠባል። ጥለት ያለው ነጠላ ወይም ቀሚስ ሲሆን ደግሞ ቀለሙ መልቀቅ አለመልቀቁን አስቀድሞ መፈተን ያስፈልጋል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ተጭኖ ሲነሳ ቀለም ከያዘ፣ ያ ልብስ ለሰዓታት አይዘፈዘፍም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ታጥቦ ቶሎ ይሰጣል፤ እርጥቡን ታጥፎም አይቀመጥም።

የእድፉ ዓይነት የውሃውን ሙቀት ይወስናል። ደም፣ ወተትና እንቁላል በሙቅ ውሃ ስለሚረጉ በቅድሚያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀቃሉ። ቅቤ ግን በ35 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ለብ ካለው ውሃ ይልቅ ሞቅ ያለው ይሻለዋል። የነጠላ አናትና አንገት፣ ከቅቤ ጋር የሚገናኘው ክፍል፣ ከመዘፍዘፉ በፊት ሳሙና ተቀብቶ ለየብቻው ይታሻል።

የአልጫ ወጥ እድፍ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ቢጫ የነበረው ሳሙና ሲነካው ወዲያው ቀይ ይሆናል። ልብሱ አልተበላሸም። በእርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ቀለም አልካሊ ሲያገኝ ወደ ቀይ የመለወጥ ባሕርይ ስላለው ነው፤ ሳሙናው ሲለቀለቅ ቀዩ ወደ ቢጫ ይመለሳል። የቀረውን ቢጫ ፀሐይ ትበላዋለች። የበርበሬም ቀለም እንዲሁ ነው። ቅባቱ በሳሙና ይወጣል፣ ቀለሙ በፀሐይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እሱም ማለቅለቅ ነው። አንድ ጋቢ ከተጨመቀ በኋላ አንድ ሊትር የሳሙና ውሃ በውስጡ ቀርቷል እንበል። ለማለቅለቂያ ያለን አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር ውሃ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንገለብጥበት የቀረው ሳሙናና እድፍ በ21 ሊትር ውስጥ ይሰራጫል፤ ተጨምቆ ሲወጣም ከቆሻሻው 21ኛው እጅ ልብሱ ላይ ይቀራል። ያንኑ ጀሪካን በአምስት በአምስት ሊትር ለአራት ከፍለን፣ በየመሐሉ እየጨመቅን ብናለቀልቅስ? በእያንዳንዱ ዙር የሚቀረው የቀድሞው ስድስተኛ እጅ ነው። ስድስትን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛ 1,296 እናገኛለን። ልብሱ ላይ የሚቀረው የመጀመሪያው ቆሻሻ 1,296ኛ እጅ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። ውሃው ያው አንድ ጀሪካን ነው፤ ውጤቱ ግን ከ60 እጥፍ በላይ ይሻላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ስሌት ከየትኛውም ሳሙና ይበልጣል።

ማለቅለቁ ማብቃቱን የሚነግረን ውሃው ነው። ልብሱ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲታሽ ገና አረፋ ካነሳ ሳሙና አለው። አረፋ ሳያነሳ፣ ውሃውም ጥርት ብሎ ሲቀር አበቃ። በሳሙና ለታጠበ ልብስ በመጨረሻው ውሃ ላይ ትንሽ አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ ቢጨመር የቀረውን አልካሊና ማዕድን ያነሳለታል። ይህ ግን በመጨረሻው ውሃ ብቻ ነው። አቼቶ ከሳሙና ውሃ ጋር ከተቀላቀለ ሳሙናውን መልሶ ወደ ቅባትነት ይለውጠዋል፤ ቅባቱም ልብሱ ላይ ይቀመጣል።

ፀሐይ፣ ሰማያዊ ቀለምና በረኪና

ፀሐይ ከሁሉ የቆየች ማንጫ ናት። ልብስ እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ብርሃኑ፣ እርጥበቱና አየሩ ተባብረው በክሩ ላይ የቀረውን የቀለም ርዝራዥ ያፈርሱታል። በወንዝ ዳር ነጠላ ሣር ላይ ዘርግቶ ውሃ እየረጩ ማድረቅ የቆየ ልማድ የሆነው በከንቱ አይደለም። ጥለቱ ግን ቀለም ስለሆነ በዚያው ፀሐይ ይደበዝዛል፤ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ ይመረጣል።

የፋብሪካ ዱቄት ሳሙናዎች የቤት ሳሙና የሌለውን አንድ ነገር ይጨምራሉ። የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ተቀብሎ ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚለውጥ ንጥረ ነገር ነው። ሰማያዊው ቢጫውን ስለሚያሸንፈው ልብሱ ከነጭም የነጣ ይመስላል። ድሮ ለዚሁ ዓላማ በመጨረሻው ውሃ ላይ ጠብታ የምታህል ሰማያዊ ቀለም ትጨመር ነበር። ሁለቱም ዓይንን ይረዳሉ እንጂ እድፍ አያወጡም። በቤት ሳሙና የታጠበ ንጹሕ ነጠላ በፋብሪካ ዱቄት ከታጠበው አጠገብ ሲሰጣ ትንሽ የደበዘዘ ቢመስል ቆሽሿል ማለት አይደለም፤ የጥጡ የራሱ ንጣት እንዲያ ነው።

በረኪና ያነጣል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ነው። ሲበዛ የጥጡን ክር ያሳሳል፤ ሐርና ሱፍን ያበላሻል፤ ብረት በበዛበት ውሃ ደግሞ ዝገት መሰል ቢጫ ጥሎ ያልፋል። ከሁሉ በላይ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አለመቀላቀል ነው። ከድብልቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል መርዝ ነው።

ከአድዋ የተገኘው ትምህርት

የእንዶድ ታሪክ ከልብስ አልፎ በዓለም የሕክምና ሳይንስ ውስጥ ስፍራ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያ ስለተባለው በሽታ ያጠኑ ነበር። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት የሚያድገው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አካል ነው። ዶክተር አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ቦታ፣ ከታች በኩል፣ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አዩ። በሕይወት ያሉትን ወስደው በእንዶድ ውሃ ቢፈትኗቸው እነሱም ሞቱ።

ምስጢሩ ከአጣቢዎቹ ሥራ የተለየ አይደለም። እድፉን ከክር የሚያላቅቀው ያው ሳፖኒን የሕዋስን ስስ ሽፋን፣ እሱም በከፊል ቅባት የሆነውን፣ ያፈርሰዋል። በኋላም ከእንዶድ ለተለዩት ንቁ ሳፖኒኖች በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም መነሻነት ለማቶክሲን የሚል ስያሜ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ዶክተር ለገሠ ምርታማና ኃይለኛ የሆኑ የእንዶድ ዓይነቶችን በመምረጥ ሥራ ይታወቃሉ።

ይህ ግኝት ለአጣቢም ማስጠንቀቂያ አለው። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ ሰውም ቢውጠው ይመርዛል። ስለዚህ የታጠበበት ውሃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ አይደፋም፣ መሬት ላይ ይፈሳል። ዱቄቱም ከልጆች እጅና ከምግብ ዕቃ ርቆ ይቀመጣል።

በአድዋ በዚያን ዕለት አጣቢዎቹ የሚመለከቱት ልብሳቸውን ነበር፤ አክሊሉ ለማ ደግሞ ከልብሱ የወረደውን ውሃ ተመለከቱ። ነጭ ልብስ ለሚያጥብ ሁሉ የሚጠቅመው ይኸው አመለካከት ነው። ሳሙናው እድፉን ያላቅቃል እንጂ ይዞት አይሄድም፤ ይዞት የሚሄደው ውሃው ነው። ልብሱ ነጭ ሆኖ እንደሚከርም ለማወቅ ከመስጣታችን በፊት አጎንብሰን የመጨረሻውን ውሃ ማየት ይበቃናል።